ሮው ብላክ ሜታልና ናዚዎቹ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜታል እሰማለሁ ባልኩ ቁጥር የሚከተሉኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ፣ ዓመተ ምህረቱም ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ብላክ ሜታል ምንድን ነው? «ሮው» ሲሉስ?

ብላክ ሜታል የሄቪ ሜታል ልጅ ነው፤ ያውም ከቤት የጠፋው። ስሙ የመጣው ቬኖም የተባለ የእንግሊዝ ባንድ በ1982 ካወጣው አልበም ነው። የስዊድኑ ባቶሪና የስዊዘርላንዱ ሄልሃመር ነገሩን ይበልጥ አጨለሙት። ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያስያዙት ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበሩ የኖርዌይ ጎረምሶች ናቸው፤ ሜይሄም፣ ዳርክትሮን፣ ቡርዙም፣ ኢምፐረር፣ ኢሞርታል። ጊታሩ እንደ ንብ መንጋ ያለ እረፍት ይነዝራል። ድራሙ ይጋልባል። ድምፃዊው መዝፈኑን ትቶ ይንቋረራል። ሰዎቹ ፊታቸውን ነጭና ጥቁር ተቀብተው ሬሳ መስለው ይቀርባሉ። ግጥሙ ስለ ሰይጣን፣ ስለ ጫካ፣ ስለ ብርድና ስለ ሞት ነው።

«ሮው» ያው ጥሬ ማለት ነው። ቀረጻው አልተወለወለም፤ ሆን ተብሎ ሻካራ እንዲሆን ተደርጓል። እንደ ጥሬ ሥጋ ነው፤ የሚወደው ይሞትለታል፣ ያልለመደው ከማዕዱ ይነሳል።

ኤንኤስቢኤም የሚሉትስ ምንድን ነው?

«ናሽናል ሶሻሊስት ብላክ ሜታል» ለሚለው ስም ማሳጠሪያ ነው። ናሽናል ሶሻሊስት ደግሞ የሂትለር ፓርቲ ስም ነው፤ ምንም የተደበቀ ነገር የለውም። ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማው ከሌላው ብላክ ሜታል አትለየውም። ልዩነቱ ያለው ግጥሙ ላይ፣ ሽፋኑ ላይ፣ ሰዎቹ በሚሰጡት ቃለ ምልልስ ላይና ብሩ በሚሄድበት ኪስ ላይ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ብላክ ሜታል የሚሰማ ሁሉ ናዚ ነው?

ኧረ በፍጹም። ናዚዎቹ ጩኸታቸው በዛ እንጂ በዘውጉ ውስጥ አንድ ጥግ ናቸው። ጎርጎሮት በሚባለው የኖርዌይ ባንድ ውስጥ ሲዘፍን የነበረው ጋል ግብረ ሰዶማዊ መሆኑን በ2008 በይፋ ተናግሯል፤ ባንዱ ደግሞ በዘውጉ ውስጥ ከጨካኞቹ የሚመደብ ነው። መለኬሽ የሚባለው ባንድ የተመሠረተው ኢየሩሳሌም ውስጥ ነው። ግራ ዘመም የሆኑ፣ ጸረ ፋሺስት ነን ብለው በግልጽ የሚናገሩ ባንዶችም ሞልተዋል።

ድምጹ ለምን እንዲህ ይበላሻል? ስቱዲዮ መክፈል አቅቷቸው ነው?

መጀመሪያ ላይ አዎ፣ ነገሩ የብር ነበር። ቆይቶ ግን ምርጫ ሆነ። በ1994 በወጣው የዳርክትሮን አልበም ላይ ከባንዱ አባላት አንዱ የሆነው ፌንሪዝ ጊታሩንም ቤዙንም ድራሙንም ብቻውን ተጫውቶ በባለ አራት ትራክ የካሴት መቅረጫ ነው የቀዳው። የቡርዙሙ ቫርግ ቪከርነስ ደግሞ በ1993 ቀርጾት በ1996 ለወጣው አልበም «ያላችሁን የመጨረሻ መጥፎ ማይክሮፎን ስጡኝ» ብሎ ጠይቆ፣ በጆሮ ማዳመጫ ላይ በተገጠመ ማይክ ጮኸበት። ጊታሩንም በደህና አምፕሊፋየር ፈንታ በወንድሙ የቤት ስቴሪዮ በኩል አሳለፈው። አቅም አንሷቸው አልነበረም፤ በዚያው ዘመን ሜይሄምና ኢምፐረር በርገን ከተማ ባለው ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ፣ ግሪግሃለን፣ በሥርዓት ይቀረጹ ነበር።

ለምን ታዲያ? የበገናን ድምጽ አስቡት (ጸሎት ማድረሻን ከሰይጣን ዘፈን ጋር በአንድ አንቀጽ ማስገባቴን ይቅር በሉኝ)። በገና ያ የሚነዝር፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምጹ የሚመጣው ከጅማቱ ብቻ አይደለም። ከጅማቱ ሥር እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ንዝረቱን ሆን ብላ «ታበላሸዋለች»። እንዝራውን አውጣና በገናው በገና አይሆንም። ሮው ብላክ ሜታል ላይም ሽውሽውታው ያው ሥራ ነው ያለው። ዜማው ከጫጫታው ሥር ተቀብሯል። ጆሮህ መጀመሪያ ምንም አይሰማም፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከታች የሆነ ነገር መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ እና ፈልገህ ያገኘኸው አንተ ስለሆንክ ያንተ ይመስልሃል።

ናዚነቱ ከየት መጣ?

ዩሮኒመስ የሚባለው የሜይሄም ጊታሪስት በ1991 ኦስሎ ውስጥ «ሄልቬተ» የሚል የሙዚቃ ሱቅ ከፈተ፤ በኖርዌይኛ ሲኦል ማለት ነው። ልጆቹ እዚያ ምድር ቤት ይሰበሰባሉ፣ ማን የባሰ ክፉ እንደሆነ ይፎካከራሉ። ፉክክሩ ከወሬ አለፈ። በ1992 ሰኔ በርገን አጠገብ ያለው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፣ ሌሎችም ተከተሉ። በነሐሴ 1993 ቪከርነስ ዩሮኒመስን በስለት ገደለው። በግድያውና በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ቃጠሎ 21 ዓመት ተፈረደበት፤ በኖርዌይ ከዚያ በላይ አልነበረም። በ2009 ወጣ። ናዚነቱ በግልጽ የመጣው እስር ቤት ሆኖ ስለ አረማዊነትና ስለ ዘር መጻፍ ሲጀምር ነው። የሚገርመው ሟቹ ዩሮኒመስ ራሱ በወጣትነቱ የኮሚኒስት ወጣቶች ድርጅት አባል የነበረና ስታሊንን የሚያደንቅ ሰው ነበር። ያ ሰፈር መጀመሪያ ላይ አንድ ርዕዮት አልነበረውም፤ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ሁሉ ይስማማው ነበር።

ጀርመን ውስጥ ደግሞ ዞንደርስሃውዘን በምትባል ትንሽ ከተማ አብሰርድ የሚባል የተማሪዎች ባንድ ነበር። በዚያው በ1993 አባላቱ የ15 ዓመት የትምህርት ቤት ጓደኛቸውን አንቀው ገደሉ። በ1995 እስር ቤት ሆነው በወጣላቸው ካሴት ሽፋን ላይ ያደረጉት ፎቶ የልጁ የመቃብር ድንጋይ ነው። እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ ስለ ጊታራቸው ማውራት አቅቶኛል። ከመካከላቸው አንዱ በአመክሮ ከተፈታ በኋላ ወደ አሜሪካ ሸሸ፤ እዚያ ያስጠለለው የነጭ የበላይነት አራማጁ የናሽናል አሊያንስ መሪ ዊልያም ፒርስ ነው። በ2000 ተይዞ በቀጣዩ ዓመት ወደ ጀርመን ተመለሰ።

ሐሳቡ የተገመደበት ገመድ አጭር ነው። ክርስትናን ጠላህ። ክርስትና የመጣው ከአይሁድ ነው አልክ። ስለዚህ ከክርስትና በፊት የነበሩት አያቶችህ፣ ደማቸው፣ ጫካቸው ይሻላል አልክ። ከዚያ ሂትለር ጋ ለመድረስ ታክሲ አያስፈልግም። ሌላም ተራ ምክንያት አለ፤ ሰይጣን ማንንም ማስደንገጥ ሲያቆም የቀረው አስደንጋጭ ነገር የናዚዎቹ ምልክት ስዋስቲካ ነበር።

እውነቱን ንገረን፣ ሙዚቃው ጥሩ ነው?

አንዳንዱ ነው። ይህን መካድ አልፈልግም፣ ምክንያቱም «ሁሉም ቆሻሻ ነው» ብዬህ ሄደህ ብትሰማውና ደስ ቢልህ ሌላውንም ነገር ውሸት ነው ያልኩህ ይመስልሃል። የቡርዙም ረጃጅም ቁርጥራጮች አንድን ዜማ አሥር ደቂቃ ደጋግመው ሰውን ከራሱ ያወጣሉ። ይህን ብልሃት ሌሎች ብዙ ሠርተውበታል። በፖላንድ ከዚህ ጎራ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው ግሬቭላንድ በ1995 ያወጣው አልበም የባህል ዜማና ልቅ የሆነ አመታት ቀላቅሎ እንደ አሮጌ የጦርነት ወግ የሚሰማ ነገር ሠርቷል። የፈረንሳዩ ፔስት ኑዋር ደግሞ ፓንክን፣ የድሮ የፈረንሳይ ዘፈንንና አኮርዲዮንን አንድ ድስት ውስጥ ጨምሮ ያልተጠበቀ ወጥ አወጣ።

የቀረውስ? ሰልችቶኛል፣ በግልጽ። ከዚህ ጎራ የሚወጣው አብዛኛው የ1994ቱ የኖርዌይ ድምጽ ግልባጭ ነው፤ ያው ሦስት ኮርድ፣ ያው ጩኸት፣ ሽፋኑ ላይ የወታደር ፎቶ። ዋጋውን የሚያስወድደው ብርቅ መሆኑ ነው። መቶ ካሴት ብቻ ያሳትማሉ፣ ወዲያው ያልቃል፣ ከዚያ ሰው በአሥር እጥፍ ይገዛዋል። የተከለከለ ፍሬ ሆኖ ነው የሚጣፍጠው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ እዚህ ጋ ይመጣል። ድምጹን ናዚዎቹ አልፈጠሩትም። ንዝረቱ ከባቶሪ፣ ጥሬነቱ ከዳርክትሮን፣ የፊት ቀለሙ ከሜይሄም ነው። እነሱ የተከራዩት ቤት ነው፤ እነሱን ብትተው ከሙዚቃው የምታጣው በጣም ጥቂት ነው።

ግጥሙ አይሰማም፣ ቋንቋውም አይገባኝ። ምን ችግር አለው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ራሴም ለዓመታት የተደበቅኩበት። እውነትም አንድም ቃል አይሰማም። ግን ዜማ ሐሳብን ለመሸከም ቃሉ ግዴታ መሰማት የለበትም። እኛ ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በ1935 ጣልያን ውስጥ «ፋቼታ ኔራ» የሚባል ዘፈን ወጣ። ስለ አንዲት ሐበሻ ልጅ ነው፤ ነጻ እናወጣሻለን፣ ሮም እንወስድሻለን፣ ሌላ ሕግና ሌላ ንጉሥ እንሰጥሻለን ይላታል። የሙሶሊኒ ወታደሮች እየዘፈኑት ነው የመጡብን። ዜማው ደግሞ ሲያፏጩት የሚመች፣ ፈካ ያለ ነገር ነው፤ ችግሩም ይኼው ነው። (ኋላ ፋሺስቶቹ ራሳቸው «ከጥቁር ጋር መቀላቀልን ያበረታታል» ብለው ጠሉት። ለእነሱ እንኳ አልሆነም።)

ሁለተኛው የብር ጉዳይ ነው። ከላይ ያነሳሁት ዊልያም ፒርስ በ1999 ሬዚስታንስ ሬከርድስ የተባለውን የዘረኛ ሙዚቃ አሳታሚ ገዛው። ፒርስ ሜታል የሚወድ ሰው ስለሆነ አልነበረም፤ ወጣት መመልመያ አድርጎ ስላየው ነው። ኪየቭ ውስጥ ይዘጋጅ የነበረው አስጋርድስራይ የሚባል ፌስቲቫልም ከብዙ አገር የመጡ አክራሪዎች መገናኛ ነበር። አንተ ጊታሩን ወድደህ የገዛኸው ቲሸርት የማንን የአዳራሽ ኪራይ እንደከፈለ ጊታሩ አይነግርህም።

«እኛ ፖለቲካ ውስጥ የለንም» ሲሉ ልመናቸው?

እንደ ሰዉ ነው። የዳርክትሮንን ታሪክ እንይ። በዚያ በ1994ቱ አልበም ጀርባ ላይ «የኖርዌይ አርያን ብላክ ሜታል» የሚል ጽሑፍ ነበረ (አርያን ናዚዎቹ የላቀ ነው ያሉት ዘር ስም ነው)፣ የአንዳንዶቹ ዘፈኖች ግጥምም የቪከርነስ ነው። ይህ አልበቃ ብሎ ተቺዎቻቸውን በአይሁድነት የሚሰድብ መግለጫ አወጡ። ጉድ ፈላ። ጽሑፉ ተነሳ፣ ይቅርታ ተጠየቀ፣ በቀጣዩ አልበም ላይ ባንዱ ናዚም የፖለቲካ ባንድም እንዳልሆነ ጻፉ (የአልበሙን ስም ግን በጀርመን የጦር መሣሪያ ሰየሙት፤ ልጅነት ነው መቼም)። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደዚያ አልተመለሱም፣ ፌንሪዝም በነገሩ እንደተጸጸተ ተናግሯል። ይህን ሰው አምነዋለሁ።

ሌላው ዓይነት አለ። «እኛ ሙዚቀኞች ብቻ ነን» ይላል፣ ግን የሚያሳትምለት የታወቀ የናዚ ድርጅት ነው፣ መድረክ የሚጋራው ከእነዚያው ጋር ነው፣ ሽፋኑ ላይ ሁልጊዜ የሆነ ምልክት «በአጋጣሚ» ይገኛል። አንድ ጊዜ ስህተት ነው። አምስት ጊዜ አድራሻ ነው።

ምልክቶቹን እንዴት ልወቅ?

88 ቁጥርን ተጠንቀቅ። በላቲን ፊደል ስምንተኛው «ኤች» ነው፤ ሁለቱ «ሃይል ሂትለር» ለማለት ነው። 14 ደግሞ አሥራ አራት ቃላት ያሉት የነጭ የበላይነት መፈክር ነው። ከሩስያ የመጣ አንድ ባንድ ስሙ «ሞሎት»፣ መዶሻ ማለት ነው፣ ግን ሁለቱን ኦዎች አውጥቶ በ8 ተክቷቸዋል። ጥቁሩ ፀሐይ፣ ማለትም የተሰባበሩ ጨረሮች ያሉት ክብ፣ ኤስኤስ ከሚባለው የናዚ ልዩ ጦር ግንብ ወለል ላይ የተወሰደ ነው። በተረፈ የስካንዲኔቪያ ጥንታዊ ፊደልና የአረማዊው አምላክ የቶር መዶሻ ብቻቸውን ምንም አያረጋግጡም፤ ያንን ያንጠለጠለ ሁሉ ናዚ ቢሆን ኖርዌይ ባዶ ትቀር ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

አገሩ ይለያያል። ጀርመን የናዚ ምልክቶችን በወንጀል ሕጓ ትከለክላለች፤ ለወጣቶች ጎጂ የተባሉ አልበሞችን ደግሞ እንዳይተዋወቁና ለልጆች እንዳይሸጡ መዝገብ ውስጥ ታስገባለች። ፈረንሳይ ውስጥ የሚኖረው ቪከርነስ በ2014 የዘር ጥላቻ በማነሳሳት ስድስት ወር በገደብና 8,000 ዩሮ ተቀጥቷል። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ አይነካቸውም፣ ግን ድርጅቶቹ ይነካሉ፤ የሙዚቃ ማሰራጫው ስፖቲፋይ ከቻርሎትስቪሉ የነጭ ዘረኞች ሰልፍ በኋላ በነሐሴ 2017 በርካታ የዘረኛ ባንዶችን አወረደ፣ ዩቱብም በ2019 የቪከርነስን ቻናል ዘጋ።

ሥራውን ከሠሪው መለየት አይቻልም?

ሜይሄም በ1994 ያወጣው ትልቁ አልበም ላይ ጊታሩን የሚጫወተው ዩሮኒመስ ነው። ቤዙን የሚጫወተው ቪከርነስ ነው። ሟችና ገዳይ በአንድ ቀረጻ ላይ እያጀቡ ይሰማሉ። ያንን አልበም ስሰማ ሥራውን ከሠሪው ልለይ ብል ከየቱ ጋ እንደምቆርጥ አላውቅም።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጀርመናዊው የኦፔራ ደራሲ ዋግነር ነው። የሙዚቃ ሊቅ፣ ጸረ አይሁድ፣ የሂትለር ተወዳጅ። እስራኤል ውስጥ ሕግ ባይከለክለውም ኦርኬስትራዎች አይጫወቱትም። በ2001 የኦርኬስትራ መሪው ዳንኤል ባሬንቦይም ኢየሩሳሌም ውስጥ ታዳሚውን «ልጫወተው ወይ?» ብሎ ጠይቆ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ ተጫወተው፤ አንዳንዶች እየተሳደቡ ወጡ። ዋግነርን ያነሱ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይረሳሉ። ዋግነር የሞተው በ1883 ነው። ስትሰማው ኪሱ አምስት ሳንቲም አይገባም፣ ስብሰባም አይጠራበትም። የናዚ ባንድ መሪ ግን ዛሬም በሕይወት አለ፣ ካሴት ይሸጣል፣ እና የሚጠላው ሰው ጎረቤትህ ነው፤ ምናልባት አንተ ራስህ ነህ። ሌላም ልዩነት አለ። በዋግነር ሙዚቃ ውስጥ ጥላቻውን መፈለግ አለብህ። እዚህ ግን ጥላቻው የዘውጉ ስም ላይ ተጽፏል። «ናሽናል ሶሻሊስት» ብሎ ራሱን የጠራን ሰው ከናዚነቱ ለይቼ ልስማህ ብትለው እሱ ራሱ የተሰደበ ይመስለዋል።

እኔ ጥቁር ነኝ። ይህን ዘውግ መስማቴ ራስን መናቅ አይሆንም?

አይሆንም፣ ሙዚቃው የእነሱ አይደለም ብያለሁ። ያለ ብሉዝ ሮክ የለም፣ ያለ ሮክ ሜታል የለም፤ ጥቁር ሰው እዚህ ቤት እንግዳ የሆነበት ጊዜ የለም። ቦትስዋና ውስጥ ከነ ቆዳ ልብሳቸው ዓለምን ያስደነቁ ሜታለኞች አሉ። የናይሮቢው ዱማ በ2020 ያወጣው አልበም ከብዙ የአውሮፓ ጥሬ ሜታል ይልቅ ያስፈራል።

የዚል ኤንድ አርዶርን ታሪክ ግን ሳልነግርህ አላልፍም። የባንዱ መሥራች ማኑኤል ጋኞ ጥቁር እናት ያለችው ስዊሳዊ ነው። ሁለት ዘውግ ስጡኝና አንድ ዘፈን ላድርጋቸው እያለ ኢንተርኔት ላይ ስማቸውን የማይገልጹ ሰዎች የሚጻጻፉበት ቦታ ላይ ይጫወት ነበር። አንዱ «ብላክ ሜታል» አለው። ሌላው ጥቁሮችን በሚያዋርደው ስድብ የ«እነሱን ሙዚቃ» ጨምርበት አለው። ጋኞ ተናድዶ መተው ይችል ነበር። አልተወም። የአሜሪካ ባሮች በአምላክ ፈንታ ወደ ሰይጣን ጮኸው ቢሆንስ ብሎ የባሪያ መዝሙርንና ብላክ ሜታልን አጋባቸው። በ2016 የወጣው አልበሙ ዓለምን አዞረው። ተሳዳቢው ስሙ እንኳ አይታወቅም።

የምወደው ባንድ ናዚ ሆኖ ቢገኝስ?

በእኔ ደርሷል። አንድ ጓደኛዬ በፍላሽ ሞልቶ የሰጠኝ ሙዚቃ ውስጥ ስም የሌለው፣ «ትራክ 04» ብቻ የሚል አንድ ነገር ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ፣ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እሱን ነው የሰማሁት፤ ሽውሽውታውን ከዝናቡ መለየት እስኪያቅተኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማን እንደሆነ አገኘሁት። የዘፈኑን ርዕስ ወደ አማርኛ ስመልሰው ምግብ አልበላሁም።

ዘፈኑን መጥላት አልቻልኩም፣ ልዋሽህ አልፈልግም። ያደረግኩት ይኼ ነው፤ ፋይሉን አጠፋሁ፣ ለማንም አላጋራሁም፣ ከዚያ ያንን ድምጽ ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመርኩ። ያገኘሁት ፓኖፕቲኮንን ነው፤ አንድ የኬንታኪ ሰው በ2012 ስለ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ የሠራው አልበም፣ ከጩኸቱ መሐል ባንጆ ብቅ የሚልበት። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ እሱን ከፍቼ ነው የምጠብቀው።